ሣጥኑ የማይመልሳት ጥያቄ

ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያሸከሙን ስድስት ጥያቄ ነበር። ማን? ምን? መቼ? የት? እንዴት? ለምን? አራቱ ማንንም አያስለፉም። ፖሊስ ጣቢያ ደውላችሁ፣ አንድ የዓይን እማኝ አናግራችሁ፣ ሰዓቱን አጣርታችሁ ዜና ሆኖ ያድራል። «እንዴት» ትንሽ ታስሮጣለች። «ለምን» ግን ዕዳ ናት። የከተማችን ዜና አብዛኛው ያለ «ለምን» ነው የሚተኛው፤ ነገ እንጨምራታለን እየተባለ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ዜና ይመጣል።

ዛሬ የያዝነው ጉዳይ ግን ከርነል ነው። አዎ፣ ከርነል። ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት ትንሽ ታገሱን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል።

ገርጂ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለን። እኛ ማይክራፎን ስናንጠለጥል እሱ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባ። አሁን የካርድ ክፍያ ማሽኖች ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ነው የሚነካካው። ሥራውን ጠይቀነው ሲያስረዳን ሁለት ቡና ይቀዘቅዛል፤ የገባንን ያህል እንንገራችሁ።

ሠርግ አስቡ። ድንኳኑ ውስጥ ታዳሚው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት አሉ። የትኛው ገበታ ወጥ እንዳለቀበት፣ ጠላው ምን ያህል እንደቀረ፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ታዳሚ ሰክሮ ቢወድቅ ደግፈው ያስወጡታል፤ ሠርጉ ይቀጥላል። እሳቸው ራሳቸውን ስተው ከወደቁ ግን ሠርግ የለም። ስልካችሁ ላይ ያሉት አፕሊኬሽኖች ታዳሚዎች ናቸው። ከርነል የጓዳዋ እናት ነው። ማን ሚሞሪ ያግኝ፣ ማን ፕሮሰሰሩን ይጠቀም፣ ማን ካሜራውን ይክፈት፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ታክሲ ውስጥ የተጨናነቀው ሕዝብ ማለት ነው፣ ኪሱ ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን ከርነል ይዞ ነው የሚሄደው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ነው። ከርነሉ ራሱን ስቶ ሲወድቅ የሚሰጡት ስም ደግሞ «ፓኒክ» ነው። ድንጋጤ። ስም አወጣጥ ያውቁበታል።

እናስ፣ ጓዳ ውስጥ የተፈጠረውን ድንኳን ያለ ሰው በምን ያውቃል?

የጓደኛችን ራስ ምታት ይህ ነበር። የክፍያ ማሽኑ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን አንዴ፣ ያለምክንያት ክችም ይላል። አጥፍቶ ማብራት ያድነዋል። ካጠፉት በኋላ ግን ሚሞሪው ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና ምን እንደነካው የሚናገር አይኖርም። ሱቅ ያለው ነጋዴ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ቢሮ ሲደርስ ደግሞ እንደ ሙሽራ ቆንጆ ሆኖ ይሠራል። መካኒክ ጋ ሲሄድ ድምፁን የሚያጠፋ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል።

መፍትሔው ኤፍትሬስ ይባላል። ስቲቨን ሮስቴድት የሚባል ፕሮግራመር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው በ2.6.27 ቁጥር እትም፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2001፤ ሚሊኒየም አዳራሽን የሞላው የሁለት ሺህ ዓመት ጭፈራ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከርነል የተሠራው ከብዙ አሥር ሺህ ትንንሽ ሥራዎች ነው፤ ፈንክሽን ይሏቸዋል። አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ሌላ ይጠራል። ኤፍትሬስ በእያንዳንዱ ፈንክሽን በር ላይ ዘበኛ ያቆማል። በተለመደው ኮምፒውተር ላይ የዘበኛው ቦታ አምስት ባይት ብቻ ነው። ሥራ በሌለ ጊዜ ያ ቦታ «ምንም አታድርግ» በሚል ትዕዛዝ ይሞላና ማሽኑ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ዱካ መከተል ሲፈለግ ዘበኛው ይነቃል፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደጠራው፣ በስንተኛው ማይክሮ ሴኮንድ እንደሆነ ይጽፋል። ሰዓቱ የእኛም የፈረንጅም አይደለም፤ ማሽኑ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው።

መዝገቡ እንዴት አይሞላም? ይሞላል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ ስለሚጻፍበት ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ እንደ ቀለበት ነው የተሠራው። ሲሞላ ከመጀመሪያው ተነስቶ አሮጌውን እየሰረዘ አዲሱን ይጽፍበታል። የትናንቱ አይገኝም፤ ከመሞቱ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቅጽበት ግን አለች። ከርነሉ ሲወድቅም ያችን የመጨረሻ ዱካ ተፍቶ እንዲሞት ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ያለውን አሠራር «ፍላይት ሪከርደር» ይሉታል። የበረራ መዝጋቢ። እኛ ጥቁሩ ሣጥን የምንለው፣ በነገራችን ላይ ቀለሙ ብርቱካናማ የሆነው።

ጓደኛችን ይህን ስም ሲጠራ ጠረጴዛው ዝም አለ። ቦሌ ተቀምጦ «የበረራ መዝጋቢ» የሚል ቃል ሰምቶ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለንም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ጠዋት 2፡38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ወደ ምሥራቅ በሚያመለክተው ማኮብኮቢያ ነው የተነሳው፤ በዚያ አቅጣጫ የሚነሱት በእኛ በጎሮና በሰሚት በኩል ነው ሰማይ የሚይዙት። ስድስት ደቂቃ ያህል በረረ። በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፋራ በሚባል ቦታ ወደቀ። ከ35 አገር የመጡ 157 ሰዎች ሞቱ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። ይህን ስንጽፍ የእኛ ዕድሜ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል መሆኑን ሳናስተውል አላለፍንም።

ያኔ ተማሪዎች ነበርን። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው መርማሪ ሆኖ ነበር። በውጭው ዓለም ደግሞ ጣቱ ቶሎ ወደ አብራሪዎቹ ነው የዞረው። ከሁለት ወር በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት የተቀመጠ አንድ አባል፣ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ሁኔታውን ይወጣው ነበር እስከማለት ደርሷል።

ሣጥኖቹ በማግሥቱ ከአፈር ወጡ። የሚያነባቸው መሣሪያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ፓሪስ፣ የፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ዘንድ ተላኩ። የበረራ መረጃ መዝጋቢው ልክ እንደ ጓደኛችን ቀለበት ነው፤ ቢያንስ የመጨረሻውን 25 ሰዓት ይይዛል፣ የቆየውን እየሰረዘ ይጽፋል። የመጀመሪያው ደረጃ ሪፖርት መጋቢት 26 አዲስ አበባ ላይ ወጣ። ጓደኛችን ሪፖርቱን ያነበበው እኛ ባነበብንበት መንገድ አይደለም። ፓኒክ ያደረገ ከርነል ዱካ በሚያነብበት ዓይን፣ በእርሳስ ከመስመር መስመር እየሄደ ነው ያነበበው። እኛንም እንደዚያው አስነበበን።

አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ አፍንጫውን ምን ያህል ቀና እንዳደረገ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ከመሬት እንደተነሳ የግራው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ 74.5 ዲግሪ ዘለለ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ለመንገደኛ አውሮፕላን 74.5 ማለት አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መቆም ነው፤ አይሆንም። ኤም-ካስ የተባለው የሶፍትዌር ሥራ ግን የሚያየው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ የግራው ተረኛ ነበር። 2፡40 ሲል ኤም-ካስ ለዘጠኝ ሴኮንድ የጅራቱን አግድም ክንፍ አዞረና አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋው። አብራሪዎቹ በመሪያቸው ላይ ባለው ቁልፍ መለሱት። ከ20 ሴኮንድ በኋላ እንደገና ደፋው። እንደገና መለሱት። 2፡40 ከ35 ሴኮንድ ላይ ረዳቱ ወደ ጅራቱ ሞተር የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እናቋርጥ አለ፤ ዋናው ተስማማ።

ከዚያ ጓደኛችን እርሳሱን ያቆመባት መስመር ትመጣለች። 2፡40 ከ41 ሴኮንድ። ኤም-ካስ ለሦስተኛ ጊዜ «ድፋው» የሚል ትዕዛዝ ሰጠ። ጅራቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ይህቺን እዩአት» አለን። «ጥሪው አለ፤ ውጤቱ የለም። ትዕዛዙ ወጥቶ ምንም ካልተከተለ፣ መሐል ላይ ገመዱን የቆረጠ ሰው አለ ማለት ነው።»

ሪፖርቱም ያለው ይህንኑ ነው፤ የማቋረጫው ማብሪያ ተዘግቶ ከነበረ ጋር የሚገጥም ነው ብሏል። እነዚያ ሁለት ወጣቶች ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር በረራ 610 ከ189 ሰዎች ጋር ጥቅምት 19 ቀን 2011 ከወደቀ በኋላ ቦይንግ «እንዲህ አድርጉ» ብሎ ካዘዘው ዋናውን እርምጃ፣ መሪው እጃቸው ላይ እየተርገፈገፈ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ ፈጽመውታል። ይህን ከእኛ ወገን የሆነ ሰው አልመሰከረላቸውም፤ ያች ምንም ያልተከተላት ሦስተኛ ትዕዛዝ ናት የመሰከረችው። ስለ ሁለት ሟቾች ስም በዓለም ፊት ሲከራከሩ እንዲህ ያለ መስመር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ዱካ ግን ዘመድ የለውም፣ ያው መዝገብ ሌላም ጽፏል። የሞተሮቹ ኃይል ከመነሻው አልተቀነሰም ነበር፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። በዚያ ፍጥነት ላይ የጅራቱን ክንፍ በእጅ መንኮራኩር ማዞር አልቻሉም። ወደ መጨረሻው ኤሌክትሪኩ ተመልሶ፣ አብራሪዎቹ ሁለት ጊዜ በአጭሩ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲሞክሩ ይታያል። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ኤም-ካስ አራተኛውን ትዕዛዝ ሰጠ። አሁን የሚቆርጠው አልነበረም። አብራሪዎቹን የሚወቅሱት ሰዎች ጣታቸውን የሚያሳርፉት ኃይሉ ላይ ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ከመነሳታቸው ጀምሮ ፍጥነታቸውንም ከፍታቸውንም በሁለት የማይስማሙ ሰዓቶች እያነበቡ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ፣ አንድም ቀን በሥልጠና ክፍል ካልታየ ነገር ጋር የታገሉ ሰዎችን ወንበር ላይ ተደላድሎ መፍረድ ቀላል ነው።

ጨዋታው እዚህ ላይ ወደ ጓደኛችን ሙያ ይመልሰናል፤ በዚያ ሰፈርም ለደህንነት የተቀመጠ ነገር ራሱ አደጋ የሆነበት ታሪክ አለ። ስህተት ሊይዝ የመጣው ኤፍትሬስ ገና ሲገባ፣ በዚያው በ2.6.27 መሞከሪያ እትሞች ዘመን፣ ከርነሉን የሚሞክሩ ሰዎች የኢንቴል ኔትወርክ ካርዳቸው በድን ሆኖ ይቀርባቸው ጀመር። ክችም ማለት ብቻ አይደለም፤ የካርዱ የራሱ ቋሚ መረጃ ይበላሽ ነበር። ሁሉም የጠረጠረው የካርዱን ሶፍትዌር ነው፤ ምን ይደረግ፣ ሬሳው የተገኘው እዚያ ቤት ነዋ። ሳምንታት ፈጀ። በኋላ ሲታወቅ ጥፋተኛው ዘበኛው ነበር። ኤፍትሬስ ዘበኛ የሚያቆምባቸውን በሮች አድራሻ መዝግቦ ይይዛል። አንዳንዶቹ በሮች የማስነሻ ሥራ ብቻ ሠርተው የሚፈርሱ ቤቶች ናቸው። ቤቱ ፈረሰ፤ አድራሻው ግን ከመዝገቡ አልተሰረዘም። በዚያ አድራሻ ላይ ደግሞ በአጋጣሚ የኔትወርክ ካርዱ ማከማቻ ገባበት። ዘበኛው መጥቶ «ቀድሞ የማውቀው በር ከሆነ ልቀይረው፣ ካልሆነ ልተወው» አለ። የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ግን ተወው ቢባልም ያገኘውን ያንኑ መልሶ ይጽፋል። ተራ ሚሞሪ ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። እዚያ ካርድ ላይ ግን መጻፍ ማለት ማበላሸት ነበር።

ኤም-ካስም በወረቀት ላይ ዘበኛ ነበር። አዲሶቹ ትልልቅ ሞተሮች አፍንጫውን ሲያቀኑት አውሮፕላኑን ረጋ አድርጎ ሊይዘው የተቀመጠ። አንድ ሴንሰር አምኖ፣ ባይገጥምም ደጋግሞ የሚጽፍ ዘበኛ ሆነ። ማስተካከያው ሲመጣ ያደረገው ነገር፣ ጓደኛችን እንደሚለው፣ አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር ኮድ ሲገመገም የሚጠየቀውን ነው፦ ሁለቱን ሴንሰሮች አስተያይ፣ ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ ዝም በል፤ ለአንድ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ አትግባ፤ አብራሪው በመሪው ሊቋቋምህ ከሚችለው በላይ አትግፋ። የአሜሪካ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ፈቀደ፤ የእኛው አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

«ለምን»ስ?

መጀመሪያ ትንሿን «ለምን» እንውሰድ። የግራው ሴንሰር ለምን 74.5 አለ? ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ፓሪስም አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አንድ ዓይነት ነው የሚያነቡት። ምክንያቱ ላይ ግን እስከመጨረሻው አልተስማሙም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታህሳስ 2015 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት፣ ከአውሮፕላኑ አመራረት የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ የለም፣ ሴንሰሩን አንድ ነገር መትቶታል፣ ከሁሉም የሚቀርበው ወፍ ነው ብሎ የተቃውሞ አስተያየቱን አወጣ። የፈረንሳዩ ቢሮም የአብራሪዎቹ አሠራር በበቂ አልታየም አለ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት «ለምን»። ሽቦ ከሆነ ዕዳው የፋብሪካ ነው፣ ወፍ ከሆነ የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ክርክሩ የምሁራን ብቻ አይመስለንም።

የጓደኛችንም ማሽን እንዲሁ ነበር። ዱካው አንድ ፈንክሽን ገብቶ እንዳልወጣ አሳየ፤ ሁለት ሥራዎች በአንድ በር ላይ እርስ በርስ «አንተ ቅደም» እየተባባሉ ቆመው። በሦስት ቀን አስተካከለው። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ለማወቅ ግን ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀውን ሰው ፈልጎ መደወል ነበረበት። ሰውዬው ሳቀና «ለምርቃቱ ቀን እንድናደርስ ተይዘን ነበር» አለው። ይህ በየትኛውም የዱካ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ትልቋ «ለምን» ደግሞ ይህች ናት። ኤም-ካስ ለምን በአንድ ሴንሰር ብቻ ተንጠለጠለ? አብራሪዎች ለምን ስሙን እንኳ በመመሪያቸው ላይ አላገኙትም? ይህን የተናገረ ሣጥን የለም። የተገኘው ከደብዳቤና ከኢሜይል፣ ከስብሰባ ማስታወሻና ስማችን አይጠቀስ ካሉ መሐንዲሶች ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ 18 ወር ቆፍሮ እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ከ200 ገጽ በላይ ጻፈበት፤ ከኤርባስ ጋር የነበረው ሩጫ፣ የወጪ ጭንቀት፣ አብራሪዎች አዲስ የሲሙሌተር ሥልጠና እንዳያስፈልጋቸው የነበረው ጉጉት። ከኮሚቴው አስቀድሞ ግን ጋዜጠኞች ደርሰውበት ነበር፤ እኛን ከወንበራችን ያስነሳንም ይህ ነው። ሲያትል ታይምስ የሚባለው፣ ቦይንግ አውሮፕላኑን በሚገጣጥምበት አካባቢ የሚታተም ጋዜጣ፣ ዶሚኒክ ጌትስ በሚባለው ዘጋቢው አማካይነት መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. አንድ ረጅም ዘገባ አወጣ። ለፈቃድ ሰጪው በቀረበው የደህንነት ሰነድ ላይ ኤም-ካስ ጅራቱን የሚያዞረው 0.6 ዲግሪ ድረስ ነው ተብሎ ነበር፤ አውሮፕላኑ ላይ የተጫነው ግን 2.5 ዲግሪ ነበር። አብራሪው በመለሰው ቁጥርም እንደ አዲስ ይጀምራል። ጋዜጣው በማክስ ዘገባዎቹ በ2020 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

ያን ዘገባ ገርጂ፣ ጓደኛችን ቤት፣ አራት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ነው ያነበብነው። መሐል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ዝርዝሩ ለቦይንግና ለአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ተልኮ መልስ የተጠየቀው ከ11 ቀን በፊት፣ ሁለተኛው አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት እንደሆነ ትገልጻለች። ጣታችንን አውጥተን ቆጠርን። ከመጋቢት 8 ወደኋላ 11 ቀን፣ የካቲት 27። 302 ከቦሌ ሊነሳ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ቦይንግ መልስ የሰጠው ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው።